የፓፓ ሦስተኛ እጅ

«እማና ፓፓ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ሁለቱ ብቻ።»

እህቴ፣ ይህ አንቺው በላክሽልኝ የእማ መታሰቢያ አልበም፣ አራተኛው ገጽ ላይ፣ በወርቅማ ፊደል የጻፍሽው ነው። አንዲት ነጥብ አልለወጥኩም።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ባልሽና ልጆቹስ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ የአክራ ሙቀት ባሰበት? እኛ እዚህ ኩማሲ ደህና ነን። ዝናቡ ገብቷል። አክስታችን ሴርዋ ጉልበቷ ደከመ እንጂ ምላሷ እንዳለ ነው።

አሁን ወደ ተናደድኩበት ልምጣ።

ሥራሽን አላጣጥልም። እማን ገበያ ውስጥ ያነሳናትን ፎቶ ከካካዎ ዛፎቹ ጋር ያዋሃድሽበት ገጽ ላይ ብዙ ቆየሁ። ራሷ ላይ የተሸከመችው ቅርጫት ቀስ እያለ ቅጠል ይሆናል፤ አንዱ ፎቶ የት እንዳለቀ፣ ሌላው የት እንደጀመረ መለየት አቃተኝ። የልጅነታችን ግቢም ትዝ የሚለኝ እንዲሁ ነው፤ ጠርዝ የለውም።

አራተኛው ገጽ ግን ውሸት ነው። ያ ፎቶ ከኬጄቲያ ገበያ ጀርባ በነበረው ስቱዲዮ የተነሳ ነው። እማ ተቀምጣለች፤ እኔ ጥርስ ሳላወጣ ጭኗ ላይ ነኝ። ከኋላዋ የቆመው ሰው፣ የካካዎ ጭነት መኪና ሾፌሩ አዶማኮ ነበር። አንቺ እሱን ደብቀሽ በቦታው ፓፓን አቆምሽው፣ ያውም ጡረታ በወጣበት ቀን በለበሰው ሱፍ። ፓፓ እዚህ ከተማ ለማስተማር የመጣው እኔ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ደግሞም ቸኩለሻል። የአዶማኮን ፊትና ደረት ሸፍነሽ፣ እማ ትከሻ ላይ ያረፈውን እጁን ረሳሽው። ፓፓ ሁለቱን እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሯል። ሴርዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ ገጹን አየችና፣ «ይሄ አስተማሪ ደግሞ ከሞተ በኋላ ነው እንዴ እጅ ያበቀለው?» አለችኝ። ሳቅን። ቀጥላ የዚያን እጅ የታጠፈች ትንሽ ጣት አየች፣ ገጹን የያዝኩበትን የኔን እጅ፣ እንደዚያው የታጠፈችውን ጣቴን አየች፣ መነጽሯን አወለቀች።

ስደውልልሽ፣ «ወንድሜ ምን ያስቆጣሃል? ምንም አላጠፋሁም እኮ። ኮምፒውተሩ ላይ ፎቶውን ጭንብል ነው ያለበስኩት፤ ጥቁር ስቀባው ይደበቃል፣ ነጭ ስቀባው ይመለሳል። ሰውየው ከሥር አለ» አልሽኝ። ለምን ደበቅሽው ስልሽ፣ «የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ አልበሙን ይወስዳል። ማነው ቢሉኝ ምን ልበል? ሾፌር ነው ልበል?» አልሽ።

አዎ፣ ሾፌር ነው በያቸው። ከሱንያኒ ሲመለስ ገና ከመታጠፊያው ክላክሱን ያስጮኽ ነበር። እማ ለፉፉ የተቀቀለውን ካሳቫ መውቀጧን ሳታቋርጥ «መጣ ደግሞ ይሄ ጯሂ» ትላለች፤ ሻሿን ግን ታስተካክላለች። ጋቢናው ውስጥ ያስቀምጠኛል፤ የካካዎ ጆንያና የናፍጣ ሽታ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የተጠበሰ ሙዝ። ሊሄድ ሲል እንባዬ ይመጣል። ያኔ የሙዙን በርበሬ ከንፈሬ ላይ ቀባ አድርጎ፣ «በል አሁን አልቅስ፤ ለእናትህ በርበሬው ነው እንላታለን» ይለኝ ነበር።

ፓፓን ከአንቺ ባላነሰ እወደዋለሁ። ለዚህ ያበቃኝ እሱ ነው። አንቺ የተወለድሽ ሰሞን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ምላስሽ ላይ ውሃና አረቄ ጠብ እያደረገ ስም ሲያወጣልሽ ቆሜ አይቻለሁ። የአባት ድርሻ ነው፤ በኩራት ተወጣው። የኔን ስም ማን እንዳወጣው ግን ጠይቀሽ አታውቂም።

አዶማኮ ለእማ ሙት ዓመት ይመጣል። ሴርዋ ልካበት እሺ ብሏል። አርጅቷል፣ ዓይኑ ግን ደህና ነው። ጥቁርና ነጭ ጨርቁን ተጎናጽፎ ድንኳኑ ሥር ሲቀመጥ፣ እንደ ሌላው እንግዳ አልበሙ ይሰጠዋል፤ ይገልጠዋል። ፓፓ ወደዚህ ቤት ከገባ ወዲህ አዶማኮ አንድም ቀን መጥቶ በራችንን አላንኳኳም፣ ምንም አልጠየቀም። ከእኛ ጋር የተነሳው ፎቶ ያ ብቻ ነው።

ስለዚህ ነጩን ብሩሽ አንሺና መልሺው። ለፓፓ ለብቻው ሙሉ ገጽ ስጪው፤ ይገባዋል። ያንን ጽሑፍ አውጥተሽ ፎቶው ላይ ያለነውን የሦስታችንን፣ የእማን፣ የአዶማኮንና የኔን ስም ብቻ ጻፊ፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። በዕለቱ ከአዶማኮ ጎን የምቀመጠው እኔ ነኝ። ማነው ብሎ የሚጠይቅሽ ካለ ወደኔ ላኪው።

አምላክ ጤናሽን ይስጥሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ እጅሽንም ይባርክ፣ ሙያሽስ ግሩም ነው። በስልክ አትመልሺልኝ፤ በስልክ ታባብይኛለሽ። አልበሙ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት፣ እስከ ጁን 12፣ እሺ ወይም እምቢ ብለሽ በጽሑፍ አሳውቂኝ።

የእናትሽ ልጅ