ሚዛን ያላነበበችው ንግግር

ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ጡረታ ከወጣሽ ወዲህም የድሮ ተማሪዎችሽ መንገድ ላይ እያስቆሙ ይስሙሻል? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ፋናዬ ናፍቃሻለች፤ ልጃችን ሚዛን ደግሞ በቁመት ልትደርስብኝ ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ እሷ ነው። የምሠራበት ድርጅት ለትምህርት ቤቶች ታብሌት እንደሚያድል ነግሬሽ ነበር። ዘንድሮ ተራው የሚዛን ትምህርት ቤት ሆነ። የመንግሥት ነው፤ ልጆቹ በአንድ ዴስክ ተጣበው ይቀመጣሉ፤ የሒሳብ አስተማሪያቸው ከሄደች ወዲህም ሌላ አልተተካም። የሀብታሞቹ ሰፈር ሩንዳ ያሉት የአለቃዬ ልጆች ግን ላፕቶፑም አላቸው፣ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያስጠናቸው ሰውም አላቸው።

አለቃዬ የምስጋናውን ንግግር ሚዛን እንድታነብ ፈለገ። የሠራተኛ ልጅ ስትናገር ለካሜራ ያምራል አለኝ። እኔው ጻፍኩላት፤ አስጠናኋትም።

በዕለቱ እንግዶቹ ሞልተው፣ ካሜራው ተደቅኖ፣ ልጄ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። "አሳንቴ፣ እናመሰግናለን፤ በታብሌቱ ደስ ብሎናል" አለች። "ግን ክፍላችን መብራት የለውም፤ በምን ቻርጅ እናደርገዋለን? ደግሞ ታብሌቱ ሒሳቡ የቱ ጋ እንደጠፋብኝ አያውቅም። የሄደችው ቲቸር አቺየንግ ግን ፊቴን አይታ ታውቅ ነበር። እባካችሁ አስተማሪም ስጡን።"

ልጆቹ ተነሥተው አጨበጨቡ። እኔ እንባዬ መጣ፣ እትዬ።

በማግስቱ አለቃዬ ጠራኝና፣ ልጅህ በቪዲዮ ይቅርታ ትጠይቅ አለኝ። ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አልተናገረችም አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ያንኑ መለስኩለት።

ንግግሯ ግን በየስልኩ ዞሮ ነበር። ወላጆች ተሰብስበን ትምህርት ቢሮ ሄድን። አሁን ሁለት ክፍሎች መብራት ገብቶላቸዋል፤ የሒሳብ አስተማሪም መጥታለች። ታብሌቶቹን አስከፍታ ክፍልፋይ ስታስተምር በመስኮት አየኋት፤ በሰው እጅ ሲገቡ ለካ ጥሩ ናቸው!

ጠዋት ሚዛንን የማደርሳት እኔ ነኝ፤ በእግራችን እያወራን እንሄዳለን። ፋናዬ ኪሊማኒ ሰፈር ካለው ምግብ ቤት የምትሠራበትን ሰዓት ስለጨመረች እራት የማበስለውም እኔ ነኝ፤ መቼም ትስቂብኛለሽ። በቢሮው ስልክ ግን ከእንግዲህ አትደውይልኝ፤ በፋናዬ ስልክ ታገኚኛለሽ። አታስቢ፣ ጌታ አልተወንም።

የሰፈሩ ሰው አሁን "ባባ ሚዛን"፣ የሚዛን አባት፣ ነው የሚለኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ማዕረግ ኖሮኝ አያውቅም።

የጌታ እጅ ከቤትሽ አይራቅ፤ ጤናውን አብዝቶ ይስጥሽ።

አክባሪሽ፣ ታናሽ ወንድምሽ