ጭሱ ወደ የኔታ ቤት ሲሄድ

ማክሰኞ

እማማ ጥሩነሽ እሳት ልጫር ብለው መጡ። ገል ይዘዋል። የጎረቤቴ የየኔታ ባለቤት ናቸው፤ የኔታ ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ጓሮዬ ውስጥ በድንጋይ ከከበብኩት የእሳት ጉድጓድ ፍም ዝቄ ሰጠኋቸው። ደስ አለኝ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ጨመርኩና ትንሽ ይሙቁ አልኳቸው። እሳት ሊጭር የመጣ ይቀመጣል እንዴ ብለው ሳቁ፣ ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ ነው ያየሁት። የማድቤታቸው ጣሪያ ይጨሳል። እሳት አላቸው። ታዲያ ለምን መጡ?

ረቡዕ

ገባኝ። እዚህ ደባርቅ ሰው ጎረቤቱን ፊት ለፊት አይወቅስም። ገል ይዞ ይመጣል፣ ዓይኑን ያሻል፣ ይሄዳል። እማማ ዓይናቸውን አሽተው ነበር። እኔ በርዷቸው ነው ብዬ እንጨት ጨመርኩ።

ቀን ቀን ንፋሱ ከሊማሊሞ ሽቅብ ይነፍሳል፤ ጭሱን ወደ መንገዱ ይወስደዋል። ሲመሽ ይዞርና አጥሩን አሻግሮ የኔታ ቤት ላይ ያስተኛዋል። በዚያ ሰዓት ነው የኔታ ዜማቸውን የሚከልሱት። እሑድ የጽጌ የመጨረሻው ማኅሌት ነው፤ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ትናንት ሲጀምሩ ሰምቻለሁ። ሳል አቋረጣቸው።

ድምፃቸው ከተዘጋ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ አላነደድኩም። ጋቢ ደርቤ ተቀመጥኩ። ብርድ።

ሐሙስ

ዛሬም አላነደድኩም። ደግ ሰው የሆንኩ መሰለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ይቅርታ ልበል? ካልኩ የሸሸጉትን ገለጥኩባቸው፤ ያፍራሉ። ዝም ካልኩ አልገባትም ይላሉ።

እጄን ሥራ አስያዝኩት። እርጥቡን እንጨት ፀሐይ ላይ ዘረጋሁ። ቅጠሉን ለየሁ። የጉድጓዱን ድንጋዮች ነቅዬ ከአጥሩ ርቆ ካለው ከታችኛው ጥግ ተከልኳቸው። ወገቤ አለቀ።

ዓርብ

የኔታ ራሳቸው መጡ፣ እማማን አስከትለው። እሳቱ ሲጠፋባቸው የታመምኩ መስሏቸው ነው። ድምፃቸው ሻካራ ነበር። እማማ ግን «አልታመመችም፣ ተቀይማን ነው» ብለዋቸው ነበር።

ስለ ጭሱ ተንተባተብኩ። የኔታ መሬት መሬት አዩ።

«ጭሱን ነው እንጂ ልጄ፣ እሳቱን ማን ጠላ?»

«እኔማ እንዳይከፋሽ ብዬ ገል ይዤ መጣሁ» አሉ እማማ። «አንቺ እርጥቡን ጨመርሽልኝ!»

ሳቅን። የኔታ ሳቃቸው ወደ ሳል ዞረባቸው። እኔ ሳቄን ዋጥኩ።

ፀሐይ ሳትገባ በአዲሱ ቦታ ደረቅ ወይራ አነደድኩ፣ ጥቂት ብቻ። ሦስታችን ከበን ሞቅን። ንፋሱ ሳይዞር አፈር አለበስኩት። የኔታ ወደ ዜማቸው ገቡ። ሳል እየጠበቅኩ አዳመጥኩ። አንዴ ብቻ ሳሉ።

እሑድ

አሁን ከቤተ ክርስቲያን መመለሴ ነው። ሲጀምሩ ድምፃቸው ወጣ። መሃል ላይ ተሰበረ። አጠገባቸው የቆሙት መሪጌታ ተቀበሏቸው። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆዩ። መጨረሻው ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲገቡ ሌሎቹ ጸጥ አሉላቸው። እንደዚያ ያለ ዜማ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

ድምፃቸው የተሰበረው ከጭሱ ይሁን ከዕድሜ እንጃ። ስንወጣ እማማን ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዕድሜ ነው» አሉኝ። ጥያቄዬን እንኳ አላስጨረሱኝም።