ጋሼ ዝም ያለበት ስኒ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

እንዴት ሰነበትክ? ቀኝ እጅህስ እንዴት ነው፣ ትንሽም ቢሆን ይታዘዝሃል ወይ? እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግብስ ይወርድልሃል? ጀርባህ እንዳይቆስል እትዬ ቀንም ሌሊትም እንደምታገላብጥህ ነግራኛለች፤ እሷስ ወገቧ እንዴት ከረመ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ቆሞ ሲውል የሚያብጠውን እግሬን ሳልቆጥር ማለቴ ነው። እሱንማ አንተም ታውቀዋለህ፣ ዕድሜህን ሙሉ ከባንኮኒ ኋላ ቆመህ ነው የኖርከው።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ እትዬ ናት። እትዬ፣ እባክሽ ቀስ ብለሽ አንብቢለት። የቡና ማሽን ወሬ ሲመጣ ባልሽን ይሰለቸዋል ብለሽ እንዳትዘይው፤ እሱ የሚፈልገው ይህንኑ ወሬ ነው።

ስለ ኑሮዬ ልንገርህ። አሁንም የምሠራው እዚያው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሸሚዝ እተኩሳለሁ። እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝ አንዳንዴ ያንተ ቡና ቤት ያለሁ ይመስለኛል፤ ሽታው ግን የሳሙና ነው። አጠገቤ ቁልፍ የምትተክል ሴት አለች፤ ጆሮዋ ላይ ሙዚቃ ሰክታ ስለምትውል ብዙም አናወራም። አሠሪው ሲያዘኝ «እሺ» እላለሁ፣ ደረጃ ላይ ጎረቤት ሳገኝ አንገቴን ሰበር አድርጌ አልፋለሁ፣ በቃ። በቀደም ዳቦ ቤት ገብቼ ላዝዝ አፌን ስከፍት ድምፄ ሻክሮ አልወጣ አለኝ። ሻጯ «አሞሻል እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ከትናንት ጀምሮ ለሰው ቃል እንዳልተነፈስኩ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ጤነኛ ሳለህ እሑድ እሑድ ስንደዋወል፣ የደንበኞችህን ጉድ ስታወራልኝ፣ ሳምንቱን የሚያሻግረኝ እሱ ነበር። ካመመህ ወዲህ ግን እትዬ ስልኩን ጆሮህ ላይ ስታደርገው የምሰማው ትንፋሽህን ብቻ ሆነ። አወራ አወራና ወሬ ሲያልቅብኝ ዝም እላለሁ፤ ሁለታችንም ዝም እንባባላለን። እትዬም ስልኩን ተቀብላ «ሐኪሙም እንጃ ነው ያለው፣ የሚሰማም አይመስለኝ፣ ባትደክሚ ይሻላል» ትለኛለች። አጎታችንማ አንድ ቀን እዚያው አልጋህ ራስጌ ቆሞ በስልክ «ወንድምሽን ከእንግዲህ አለኝ አትበይ፣ ልብሽን አጽኚ» አለኝ። በማግሥቱ ሥራ ላይ የሰው ሸሚዝ አቃጠልኩ።

ማሽኗን የገዛኋት ከዚያ በኋላ ነው። ለምን ብትለኝ፣ ቤቴ ውስጥ ከኔ ሌላ ድምፅ የሚያሰማ ነገር ፈልጌ ይሆናል። ሱቁ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ርካሿ እሷ ነበረች። ሻጩ «ለጀማሪ ይበቃል» ሲለኝ፣ እኔ እኮ ቡና ቤት ነው ያደግኩት ልለው አስቤ ተውኩት። ያንተዋ ባንኮኒውን ሙሉ ይዛ እንደ እመቤት ተንሰራፍታ ትቀመጣለች፤ የኔዋ ግን ብታክል የጫማ ካርቶን ብታክል ነው። ስትሠራ ሁለመናዋ ይንቀጠቀጣል። ስኒው ከሥሯ እየተንሸራተተ ሊያመልጥ ስለሚሞክር በአንድ እጄ መያዝ አለብኝ። ብታያት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ትስቅብኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ቡናዎች አታንሣብኝ። ውሃው ሽው ብሎ ያልፍና የሚወርደው የስኒ እጣቢ የመሰለ ጎምዛዛ ነገር ነው። ጥፋቱን ሁሉ በማሽኗ አሳበብኩ። ለካ የምጠቀመው ተፈጭቶ የታሸገ፣ መቼ እንደተቆላ የማይታወቅ ቡና ኖሯል። ቆይቼ በቅርብ የተቆላውን ሳይፈጭ መግዛት ጀመርኩ፣ በእጅ የሚዞር መፍጫም ጨመርኩ። ርካሽ ማሽን ቶሎ ስለምትቀዘቅዝ፣ ከማፍላቴ በፊት ቡና የሚሞላበትን እጀታዋን ባዶውን ገጥሜ ትኩስ ውሃ አሳልፍበታለሁ፤ ስኒውንም አብሬ አሞቀዋለሁ። በዓይኔ መገመቱን ትቼም ቡናውን በትንሽ ሚዛን እመዝናለሁ። ያስቸገረኝ ቡናውን የምጠቀጥቅበት ነገር ነበር፤ አብሯት የመጣው ፕላስቲክ ስለሆነ ይወላገድብኛል፣ አንዱ ጎን ጠብቆ ሌላው ከላላ ደግሞ ውሃው በላላው በኩል ሾልኮ ይሄዳል። አሁን ሸሚዝ እንደምተኩሰው ክርኔን ቀጥ አድርጌ፣ ክብደቴን አሳርፌ እጫነዋለሁ። እንዲህም ሆኖ አንድ ቀን ይመራል፣ አንድ ቀን ይጎመዝዛል፤ ልኩን አጣሁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ያለፈው እሑድ ጠዋት ደወልኩ፤ እትዬ እንደ ልማዷ ስልኩን ትራስህ ላይ አኖረችልህ። ወሬ ሲያልቅብኝ ስልኬን ሳልዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ቡናዬን ላፈላ ተነሣሁ። ማሽኗ ጮኸች፣ ቡናው እንደተከፈተ ቧንቧ ተንዠቀዠቀ። ያኔ ከስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ኳ፣ ኳ አለ። እትዬ ከጓዳ ስትሮጥ ሰማኋት፤ «ምን ሆኖ ነው? በግራ እጁ የአልጋውን እንጨት ይመታል፣ አመመው መሰለኝ» አለች።

እኔ ግን ያን ምት አውቀዋለሁ። አንተ ዘንድ ስኒ በማጥብበት ጊዜ፣ ተደብቄ ማሽኑን ልሞክር ስል፣ ከደንበኛ ጋር እያወራህ እንኳ ፊትህን ሳታዞር ባንኮኒውን በመዳፍህ ኳ ኳ ታደርገው ነበር። ድፊው፣ እንደገና ሥሪው ማለትህ ነው። ስኒውን ማየት አያስፈልግህም፤ ሲወርድ በሚያሰማው ድምፅ ብቻ ትለየዋለህ።

እትዬን «ተይው፣ እጁን እንዳትይዥው» አልኳትና ቡናውን ደፍቼ፣ መፍጫዬን አጥብቄ፣ ከበፊቱ አድቅቄ ፈጨሁ። አወረድኩ። ኳ ኳ አደረግክ። ደፋሁት። በጣም አደቀቅኩት፤ በዚህኛው ማሽኗ ታፈነችና እያቃሰተች ጠብ፣ ጠብ ማለት ያዘች። አንተም እንጨቱን መታኸው፣ ያውም እንደተናደደ ሰው በኃይል። እትዬ ምንድን ነው ነገሩ እያለች ትጠይቀኛለች፤ እኔ እያለቀስኩ እስቃለሁ። መፍጫዬን በጥቂቱ አላላሁት፣ መዘንኩ፣ አስተካክዬ ጠቀጠቅኩ፣ የማሽኗን ቁልፍ ተጫንኩ። መጀመሪያ ምንም አልመጣም። ቀጥሎ ጠቆር ያለው፣ ከዚያ ቀይ ዳማ የሆነው፣ እንደ ማር ቀጥኖ፣ ሳይንጫጫ ወረደ። መንጣት ሲጀምር አጠፋኋትና ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጠፍኩ።

ዝም አልክ።

ጋሼ፣ ከታመምክ ጊዜ ጀምሮ ዝምታህን እፈራው ነበር። ያን ጠዋት ግን የቱ ዝምታ እንደሆነ ለየሁት። አንተ እኮ ድሮም ጎበዝ ብለህ አታውቅም። ቡናው ከተስተካከለ ዝም ትላለህ፣ ስኒው ለደንበኛ ይሄዳል፣ በቃ። እኔም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለደንበኛ የሚሄድ ቡና ሠራሁ።

ነገሩን ለእትዬ ሳስረዳት «ይሰማል ማለት ነው? ሁሉንም ነገር?» አለችኝ። ምን እያሰበች እንደነበር ገብቶኛል። በነዚህ ወራት በዚያ ክፍል ውስጥ የተባለውን ሁሉ ወደ ኋላ እየመለሰች ነበር።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቡናውን ጠጣሁት። ቀዝቀዝ ብሎ አረፋውም ሳስቷል፤ ግን ጥሩ ነበር። ምሬቱ ምላስ ላይ አይንጠለጠልም፣ ሲዋጥ ጣፈጥ ብሎ ይቀራል። እስቲ ቅመሱልኝ የምለው ሰው ፍለጋ ዞር አልኩ። ማንም እንደሌለ እያወቅኩ ነው የዞርኩት። ያለችኝ አንድ ወንበር ናት፤ እሷ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የላይኞቹ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ደረጃውን ሲወርዱ እያዳመጥኩ ጨረስኩት። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላው አልመሽ አለኝ። ኀዘኑን ለብቻዬ መያዝ ለምጄዋለሁ፤ ደስታውን ለብቻ መያዝ ነው የከበደኝ።

መቼ ትመጫለሽ ለምትሉኝ፤ አሠሪውን ለምኜው ነበር። ሰው ስለጎደለበት ውሌ ሳያልቅ አልለቅሽም አለኝ። ጥዬ ብወጣ መመለሻ የለኝም፣ የመድኃኒትህም ነገር አለ። ስለዚህ ዘንድሮ አልደርስም፣ ጋሼ። በስልክ ልነግርህ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ከተቀየምከኝ አልጋውን ምታው፤ እትዬ ትነግረኛለች፣ እኔም እችለዋለሁ።

እትዬ፣ የሚቀጥለውን ደግሞ ድምፅሽን ሳትቀንሺ አንብቢው። ማንም የወቀሰሽ የለም፤ አንቺ ባትኖሪ እሱም አይኖርም ነበር። ግን ጠያቂ ሲመጣ እሱ እንደሌለ ሁሉ ስለሱ ከራስጌው ቆማችሁ አታውሩ። ሾርባው ጨው በዝቶበት እንደሆነ እሱን ጠይቂው። መስኮቱ ይከፈት ወይ ይዘጋ፣ ቡና ቤቱን ማን ይያዘው፣ እሱን ጠይቂው። ካልተስማማው ይመታል፣ ከተስማማው ዝም ይላል፤ ከዚህ በፊትስ ቢሆን ከዚህ የበለጠ መቼ ተናግሮ ያውቃል?

ትልቋን ልጃችሁን በርቺ በሉልኝ፤ ፈተናዋ ሲደርስ ከአባቷ አጠገብ ሆና ጮክ ብላ ታጥና። ትንሿን ሚጢጢን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሙልኝ፣ ጥርሷ ወልቆ እንደሆነ ልስማ። አማትህን እግራቸውን ይማራቸው፣ ጉልበታቸውን ሳሙልኝ ብላለች በሏቸው። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ስለ ነጠላ ጫማው አመሰግናለሁ በሏት፣ ልኬ ነው። አጎታችንንም ሰላም በሉልኝ፤ ሲገባ ግን መጀመሪያ የሚጨብጠው ያንተን እጅ ይሁን።

አንተንስ ጋሼ፣ ጉልበትህን እስማለሁ። እንዴት ነው ብዬ ሌላ ሰው መጠየቄን ከእንግዲህ ትቻለሁ፤ እንዴት ነህ ብዬ አንተኑ እጠይቅሃለሁ።

ታናሽ እህትህ፣
ስኒ አጣቢህ

ከባለ አንድ ወንበር ክፍሌ
ረቡዕ፣ ጥቅምት 14 ቀን