ሠላሳ ስምንት አውቶቡስ፣ ሠላሳ ሰባት ነጭ ጨርቅ

ለክቡር አቶ ምናለ
የአሸተን በር አውቶቡስ መናኸሪያ ኃላፊ
ላሊበላ፣ ኅዳር 1999 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም ሳንባዎ፣ እንዴት ነው? ቢሮዎን ጭሱ ወደማይደርስበት ወደ ዳገቱ ማዛወርዎን ስሰማ የእርስዎ ሳንባ ነገር ቀለል ብሎኛል፤ ስለ እኛ ስለ ታች ሰፈረኞቹ ሳንባ ግን ጥቂት የምለው ስላለ፣ በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እጅ ነሥቼ እለምናለሁ።

፩. በመልካም አስተዳደር ሳምንት ስብሰባ ላይ የአውቶቡሶቻችን የናፍታ ጥላሸት «ሙሉ በሙሉ ተወግዷል» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ሲሞላ፣ እኔም አጨብጭቤአለሁ። ምርመራው እንደነገሩን ቀላል ነው፤ ሞተሩ ተነሥቶ በጭስ ማውጫው ላይ ነጭ ጨርቅ ይያዛል፣ ጨርቁ ከጠቆረ አውቶቡሱ የናፍታ ፖምፓው ሳይስተካከልና የአየር ማጣሪያው ሳይለወጥ ከመናኸሪያው አይወጣም። ጨርቆቹም ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው እንደ ጥምቀት ነጠላ ያበሩ ነበር። ክፉ አመል ሆኖብኝ ቆጠርኳቸው፤ አውቶቡሶቹ ሠላሳ ስምንት፣ ጨርቆቹ ሠላሳ ሰባት። ከዚያ የባሰ አመል ደግሞ አለብኝና ጠጋ ብዬ አሸተትኳቸው፤ ሳሙና ሳሙና ይሉ ነበር።

፪. ከመናኸሪያው አጥር ሥር ልብስ በማጠብ የምትተዳደር ይማርሽ የምትባል ጎረቤት አለችኝ። ከስብሰባው ሁለት ቀን አስቀድሞ የመጋዘን ሠራተኛዎ አንድ ጆንያ ጨርቅ አምጥቶ፣ «እትዬ ይማርሽ፣ ለአለቃ የሚቀርብ ነው፣ እንደ ወተት አድርጊልኝ» ይላታል። እሷም የመካኒክ መወልወያ መስሏት ሦስት ጊዜ አሽታ አጠበችው፤ ውሃው እንደ ቀለም እየጠቆረ ሲወርድ፣ «ይኼን ያጠቆረውን ሰው ምነው በገዛ እጁ ባሳጠቡት!» ስትል የሰማኋት እኔው ነኝ። ታዲያ መርማሪዎችዎን በተንኮል አልጠረጥርም፤ ያደፈ ነገር ለአለቃ ማቅረብ ነውር ስለሆነባቸው፣ መጀመሪያ አሳጥበው ኋላ ውጤቱን መዝግበው ይሆናል። ለዚህ ጨዋነታቸው ከልብ አመሰግናለሁ።

፫. ወደ ኩልመስክ የሚሄደው አውቶቡስ በየማለዳው በይማርሽ በር ትይዩ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ተሳፋሪ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ይጨሳል። ሾፌሩ ብርዱን ያመካኛል፤ ደጋ ነውና እውነቱን ነው፣ ሞተሩ ግን በሩብ ሰዓት ሞቆ አብቅቷል። ይማርሽ ከመስከረም ወዲህ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው፤ ስትተኛ ሳሉ ያንቃታል። የጤና ጣቢያው ነርስ «ከጭስ ራቂ» ብሏት ነበር። የት ትራቅ? ቤቷ አጥሩ ነው፣ አጥሩ የእርስዎ ነው።

ስሟን ልደብቅላት ብዬ ብጠይቃት፣ «ጻፊው እቴ፣ ሳሌን እንደሆነ መናኸሪያው ሁሉ ያውቀዋል» አለችኝ።

ነጭ ነገር ሁሉ እንዲያምርብዎ እየተመኘሁ፣ የሪፖርትዎ ትጉህ አንባቢ፣ የጠረጴዛዎም ቆጣሪ፣

ማኅሌት፣ ከታች ሰፈር

ማሳሰቢያ፦ የጎደለውን ሠላሳ ስምንተኛ ጨርቅ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። እንደ ሌሎቹ ጨርቆች ሁሉ በጥጉ የአውቶቡሱ፣ የኩልመስኩ አውቶቡስ፣ ቁጥር በቀይ ክር ተሰፍቶበታል። ይማርሽ እሱ ላይ ስትደርስ ትንፋሽ አጥሯት ሳታጥበው ቀርታለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ማጠብ አቁማለች። እንግዲህ ይኼኛውን የሚያጥቡት እርስዎ ነዎት።