ሦስት ጊዜ ያቆምኩት ዘፈን

ለእህቴ ለስንቅነሽ
አማን

ስንቄ፣ እንዴት ነሽ? የጆርዳን አገርስ እንዴት ይዞሻል? ብርድ ሲገባ የሚነሣብሽ የወገብ ሕመም ዘንድሮ ማረሽ ወይስ ያው ነው? የምታስታምሚያቸው አሮጊትስ እንዴት ናቸው? እንቅልፍሽን ትጠግቢያለሽ? በደንብ ትበያለሽ? «እበላለሁ» እንደምትይ አውቃለሁ። ባለፈው በላክሽው ፎቶ ላይ ግን አንገትሽ ቀጥኖ አይታ እማዬ ስልኩን ይዛ ስትቆዝም ነው የዋለችው። እኛ በጤና በኩል ደህና ነን። ዝናቡ ወጥቷል፣ በቆሎውም ተሰብስቧል። ናፍቆትሽ ብቻ ነው የጎዳን ብዬ እንዳላልፈው ግን ዘንድሮ ሌላ የምነግርሽ ነገር አለኝ።

ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ኤፍራታ ናት። ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ አማን እየተመለሰች ነው። በዚህ ዘመን ወረቀት ምን አመጣው ትይ ይሆናል፤ ያውም ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻ ሲጽፍ ከሚውል ሰው። በስልክ ስንት ጊዜ ልጀምረው ሞክሬ ተውኩት። ስትደውዪ እማዬ አጠገቤ ናት፣ ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ አንቺም ፊቴን ታዪዋለሽ። ዋሽቼሻለሁና ፊቴን እያየሽ ልነግርሽ አልቻልኩም።

ወንድማችን ስዩም በሞተ ሰሞን የዘፈኑ አፕ ከስልክሽ ላይ አስወጥቶሽ፣ እንደገና ልግባ ስትዪ እንቢ ብሎሽ «ምን ሆኖ ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔም «ድርጅቱ የሞተ ሰው አካውንት ይዘጋል» አልኩሽ። ድርጅቱ የስዩምን መሞት ከየት ሰምቶ? የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ስንቄ።

ቀኑን ታስታውሺዋለሽ። ጉባ ለሥራ ሄዶ የያዘው ወባ ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶበት ሐሙስ አረፈ፣ ዓርብ ቀበርነው፣ ሣልስቱ እሁድ ዋለ። ድንኳኑ ከጽሕፈት ሱቄ ደጃፍ ጀምሮ እስከ መንገዱ ተጥሏል። ለለቀስተኛው የሚሰቀል ፎቶውን ላትም ሱቁን ከፍቼ ኮምፒውተሩን አበራሁ። ፎቶው ገና ከማተሚያው ሳይወጣ ዘፈን ጀመረ። ማንም አልነካውም። ስዩም በሩ ላይ የሰቀለው ትልቁ ስፒከር እንደተሰካ ነበርና ያ እሱ የሚወደው የሠርግ ዘፈን ከነጭብጨባው ድንኳኑን ሞላው። ሙሾ ታወርድ የነበረችው አክስታችን ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ሰው ምን ይለኛል ካልኩ ሚዛኔን እስታለሁ። ሮጬ አቆምኩት። ከበሩ ሳልወጣ እንደገና ጀመረ። ተመልሼ አቆምኩት፣ ደግሞ ጀመረ። ሦስት ጊዜ አቆምኩት፣ ሦስት ጊዜ ተነሣ። እማዬ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት መጥታ በሩ ላይ ቆመችና «ደባልቄ፣ ተዋት፣ ልጄ ናት» አለችኝ። ሐዘኑ አእምሮዋን የነካው መሰለኝ። ስዩም ሲነካካው አይ የነበረውን ቦታ ፈልጌ «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውን ተጫንኩት። የስፒከሩንም ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት። ዝም አለ። ትክክለኛ ነገር እንደ ሠራ ሰው ላቤን ጠርጌ ወደ ድንኳኑ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ እንደምታውቂው ዓመቱን ሙሉ በቤታችን ዘፈን አልተሰማም። እማዬ ጥቁሯን ለብሳ፣ ሬዲዮኑም በጨርቅ ተሸፍኖ ከረመ። የስዩምን ስልክ አጥፍታ ከልብሱ ጋር ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ባለፈው ጥቅምት ሙት ዓመቱን አወጣን። በሳምንቱ እሁድ ማሳ ሳልሄድ ቀርቼ ሱቅ ውስጥ ወረቀት ሳስተካክል እማዬ በርጩማዋን ይዛ መጥታ ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀመጠች። ጥቁሩን አውልቃ ነጠላ ለብሳ ነበር። «ዓመቱ ሞላ፣ አሁንስ ልጄን አትከፍትልኝም?» አለችኝ። «ስዩምን ነው እማዬ?» አልኳት፣ እየፈራሁ። «ስንቅነሽን» አለችኝ።

የእሁዱን ነገር ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። እኔ እሁድ እሁድ አምባ አሥራ አራት ማሳው ላይ ስለምውል ስዩም ለእማዬ ዘፈን የሚከፍትላት ይመስለኝ ነበር እንጂ ከፋቿ አንቺ መሆንሽን አላውቅም። በአንድ አካውንት ሁለታችሁም እንደምትገቡ፣ አንቺ ስልክሽ ላይ ስትነኪው ዘፈኑ እዚህ ሱቅ ውስጥ እንደሚሰማ፣ እማዬም ስለ አንቺ «አሁን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳለች፣ አሁን ተቀምጣለች» እያለች እንደምታወራ ማን ነገረኝ? ዓመቱን ሙሉ ዝም ያለችኝም ነውር ነው ብዬ አውቄ የዘጋሁብሽ መስሏት ነው። ሐዘኑ እስኪወጣ ጠበቀችኝ።

ስለዚህ ያን እሁድ አንቺ ከዚያ ስትከፍቺ እኔ ከዚህ ስዘጋ ነበር። ለለቅሶ መምጣት ስላልተፈቀደልሽ በምትችይው መንገድ መጥተሽ ነበር፣ እኔ ከድንኳኑ አስወጣሁሽ። ይህን ሳስብ ሱቁን ዘግቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እማዬ ጀርባዬን ዳበሰችኝ።

በማግስቱ ልከፍተው ተነሣሁ። ኮምፒውተሩ ግን መግቢያው ላይ እየዞረ «መግባት አልተቻለም» ይለኛል። ኔትወርኩን ረገምኩ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ አፑን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ ያው ነው። በአራተኛው ቀን ዋቅሹማን ጠራሁት። ከሱቄ ቀጥሎ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግነው የባምባሲ ሰው ነው፣ ከስዩም ጋር አብረው ምሳ የሚበሉት። ገና ሳይቀመጥ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ቀን አየና ሣቀ። ለካ በአዲስ ዓመት የማሽኑ ባትሪ ደክሞ ቀኑ ሲጠፋበት፣ ማመልከቻ ላይ ቀኑን ራሱ እንዲያስገባልኝ ብዬ በእኛ አቆጣጠር 2018 ብዬ ሞልቼው ኖሯል። «አንተ ሰውዬ፣ ማሽኑ እኮ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ማን ያስገባዋል?» አለኝ።

አብሬው ሣቅሁ። ቀኑን ልቀይረው እጄን ስሰድ ግን ቆምኩ። በፈረንጅ 2018 ስዩም ወደ እኔ ሱቅ የመጣበት ዓመት ነው። አንቺም ገና አልሄድሽም ነበር። ሦስታችሁም፣ እማዬም ጭምር፣ በዚያ ጠባብ በር ትገቡና ትወጡ ነበር። ማሽኑ ሁለት ወር ሙሉ እዚያ ተቀምጦ ኖሯል። ከዚያ አስተካከልኩት።

ቀኑ ሲስተካከል ማሽኑ ፓስወርድ ጠየቀኝ። ፓስወርዱን ስዩም ይዞት ሄዷል። ረሳሁት ስለው ወደ ስዩም ስልክ ኮድ እልካለሁ አለኝ። እማዬ ሣጥኗን ከፈተችልኝ። ስልኩ የልብሱን ሽታ ይዟል። ቻርጅ አድርጌ ባበራው ሲሙ አልሠራም። ዋቅሹማ «ብዙ ወር የተዘጋ ቁጥር ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ደውልበትና እይ» አለኝ። ከራሴ ስልክ ላይ «ስዩሜ» የሚለውን ፈልጌ ደወልኩ። ጠራ። ስንቄ፣ የስዩም ስልክ ጠራ። ሌላ ሰው እንደሚያነሣው እያወቅሁ የእሱን ድምፅ ጠበቅሁ።

ያነሣችው ኢቲዳል የምትባል ሴት ናት፣ መንጌ ገበያ ላይ ሻይ የምትሸጥ። የቤቷ ቋንቋ የበርታዎቹ ሩጣና ነው፤ አማርኛ ስትናገር እኔን አንቺ፣ አንቺን እሱ ትላለች። የእኔ ሩጣና ከእሷ አማርኛ የባሰ ስለሆነ ልስቅባት አልችልም። ነገሩን ሳስረዳት «አላህ ይርሐመው» አለችና ኮዱን ልታነብልኝ ተስማማች። ቁጥሩን በዐረብኛ ቆጥራ በአማርኛ እስክትመልስልኝ የመጀመሪያው ኮድ ጊዜው አለፈበት፣ ሁለተኛው ገባልን። ላመሰግናትና ልዘጋ ስል ቆይ አለችኝ። «አንድ ሴት አለ፣ ቁጥሩ በ962 ይጀምራል። ከአረፋ ወዲህ እሁድ እሁድ ይደውላል። ሀሎ እላለሁ፣ አይናገርም። ያለቅሳል፣ ይዘጋል። አንቺ ታውቂዋለሽ?»

962 የአንቺ አገር ቁጥር ነው። እህቴ ናት አልኳት። እሷም «እኔ አልቆጣም በለው፣ ሲደውል አነሣለሁ» አለችኝ።

ስንቄ፣ በሩን ስለዘጋሁብሽ ነው የሞተ ሰው ስልክ ላይ ስትደውዪ የከረምሽው። ለእኔ ትደውያለሽ፣ ስለ በቆሎና ስለ ልጆቹ ታወሪያለሽ፣ ልቅሶሽን ግን መንጌ ላለች የማታውቂያት ሴት ስታለቅሺ ቆየሽ። አልፈርድብሽም። ሣልስቱ ላይ ያባረረሽ ወንድም ዘንድ ማን ሄዶ ያለቅሳል? ይቅር በዪኝ።

አሁን ገብቻለሁ። «እሁድ» ብላችሁ የሰየማችሁት ዝርዝር እንዳለ አለ፣ አንድም አልጠፋም። ያ የሠርግ ዘፈን የመጀመሪያው ነው። ወደ ታች ስወርድ መጨረሻ ላይ የገባውን አየሁ። የገባበት ቀን በፈረንጅ ነው የተጻፈው፤ ከስሕተቴ ተምሬ በወረቀት ላይ ደግሜ ደጋግሜ አሰላሁት፤ ጥቅምት 17 ነው። ስዩምን ከቀበርን በሦስተኛው ቀን። ያን ቀን ልታሰሚን የፈለግሽው የሠርጉን ዘፈን ሳይሆን እሱን ነበር፣ አይደል? ማሽኑ ከላይ እየጀመረብሽ፣ እኔም እያቆምኩብሽ እሱ ዘንድ ሳትደርሺ ቀረሽ። ስሙን አይቼዋለሁ፣ ከፍቼ ግን አልሰማሁትም። አንቺ ክፈቺው ብዬ ነው የተውኩት።

ፓስወርዱን ቀይሬ በዚህ ወረቀት ጀርባ በትልልቁ ጽፌልሻለሁ። ከገባሽ በኋላ «የሚሰማበት መሣሪያ» ሲልሽ «የደባልቄ ጽሕፈት» የሚለውን ምረጪ። ሰዓታችን አንድ ስለሆነ አትቸገሪም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ኮምፒውተሩ ይበራል፣ ስፒከሩም በሩ ላይ ነው። ማሳው ይቅርብኝ፣ እኔም እዚያው እቀመጣለሁ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ዝም ያልንሽ መስሎሽ እንዳትከፊ፣ መብራት ነው። እጄን ከማሽኑ ላይ አነሣለሁ። አንቺ እስክታቆሚው አይቆምም።

ባለቤቴ አይናለም እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች፤ ለወገብሽ የሚሆን የምታስሪው መቀነት በኤፍራታ ልካልሻለች፣ በእጇ የፈተለችው ነው። ልጄ ብርሃን ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ፎቶሽን ደብተሯ ላይ ለጥፋ ትዞራለች። ዋቅሹማ «ወንድምሽን በሰባት ዓመት ያሳደግሁት እኔ ነኝ» በላት ብሎኛል። አክስታችን ጉልበቷን እያመማትም ቢሆን ስምሽን ሳትጠራ አትውልም። ኢቲዳልም ቅዳሜ ዕለት ራሷ ደውላ «ለዚያ ለሚያለቅሰው ሰላም በለው» ብላለች።

እማዬን ለስንቅነሽ ምን ብዬ ልጻፍላት ብዬ ጠየቅኋት። በርጩማዋን እያስተካከለች «ምንም አትጻፍ፣ እሁድ ራሷ ትመጣለች» አለችኝ።

ወንድምሽ ደባልቄ
አሶሳ፣ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.