የአባባ ፔጆ ክሮም

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ዛሬ የአባባን ፔጆ የፊት ፍርግርግ ፈትቼ፣ ክሮሙ እንዲለቅ ሳፋ ውስጥ በበረኪና ዘፈዘፍኩት። ፕላስቲኩ ላይ የተለበጠው የሚያብረቀርቅ ክሮም ተነፋፍቶ ነበር። አባባ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ መኪናዋን የሚያያት በጣቱ እየዳበሰ ነው፤ ባለፈው ሳምንት የተላጠው ጠርዝ ቆረጠው። «ይቺን ብቻ አስተካክልልኝና ሐዋሳ ሂድ» አለኝ። እዚያ ያገኘሁት ሥራ እስከ ሰኞ መልስ ይፈልጋል። አምና «በሩን ብቻ» ብሎኝ ነበር፤ ካቻምና ደግሞ ወንበሩን። ሰባት ዓመት ከመካኒሳው ግቢያችን ያልወጣች መኪና እኔንም አላስወጣ አለች!

ከሰዓት በኋላ ክሮሙ ለቅቆ አለቀ። ከሥሩ ተራ ግራጫ ፕላስቲክ ወጣ። አጥቤ ለአባባ ሰጠሁት። ጠርዙን አንድ በአንድ ዳበሰና «አሁን አይቆርጥም፤ ተባረክ። በል ልጄ፣ ጨርሰሃል፤ ሂድ» አለኝ።

ከልቡ ነበር። ፍርግርጉን መልሼ ስገጥም ግን ዓይኔ የፊት መብራቱ ዙሪያ ያለው ክሮም ላይ አረፈ። እሱም መነፋት ጀምሯል። አባባ ገና አላወቀም፤ እኔም አልነገርኩትም።

በረኪናውን ግን አልደፋሁትም።