ዘጠነኛው ተራ ቁጥር

እትዬ፣ ሰላምታውን ስላላስቀደምኩ ይቅር በይኝ። ጓሮ ካለው የውሃ ታንከር ሥር ማንም እንዳይቆም። የልብስ ማጠቢያሽን አሁኑኑ ወደ ወዲያኛው ግድግዳ አዙሪው፤ ታንከሩንም ከፍተሽ ውሃውን ጨርሰሽ ልቀቂው። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን ወረቀቱን አስቀምጪና ሂጂ።

ተመለስሽ? እሺ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የዓይን ጠብታሽ አላለቀም? የጋሼ ሳልስ ለቀቀው? ልጆቹስ? እኛ ቤት ሁሉም ደኅና ነው።

ዛሬ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ እዚህ መሥሪያ ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ የምትሠራው ልብስ ሰፊ ጨርቅ የሞላ ጋሪ እየገፋች የዕቃ ሊፍቱን በር ከፈተች። በሩ ተከፈተ፤ ሊፍቱ ግን ምድር ቤት ነበር። ጋሪው ባዶው ውስጥ ገባ። እሷ እጀታውን ለቀቀችው፤ እንዴት እንደለቀቀችው ራሷም አታውቅም። እኔ ታች ሆኜ ድምፁን ስሰማ ሕንጻው የፈረሰ ነው የመሰለኝ። ሮጬ ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ባዶ እግሯን ታያለች። ጫማዬ ቀድሞኝ ወረደ አለችኝ፤ ሳቀች፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

እትዬ፣ በሩ መበላሸቱን ከማክሰኞ ጀምሮ አውቅ ነበር። የሊፍት ጠጋኙ በሚመጣው ሰኞ መጥቼ እጠግናለሁ ብሎኝ ነበር። መቼም ታውቂኛለሽ፣ እኔ ካልዘረዘርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ገበያ ስትልኪኝ እንኳ ሽንኩርቱን በተራ ቁጥር ነበር የምጽፈው። እናም ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በሚያምር ጽሕፈት ጽፌ ለጠፍኩ። 1ኛ፦ ስትወጡ መብራት አጥፉ። 2ኛ፦ ቧንቧ ዝጉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ይወርድና፣ 9ኛ፦ የሦስተኛ ፎቅ የሊፍት በር ሊፍቱ ሳይመጣም ስለሚከፈት ይታሰብበት።

አምስት ሰዓት ላይ ከሥራ ደኅንነት ቁጥጥር አንዲት ሴት መጣች። ከትከሻዬ አትደርስም፤ ስትገባ ግን ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከወንበሩ ብድግ አለ። ሰሌዳው ጋ ወሰድኳትና ደረቴን ነፍቼ ይኸው ጽፌያለሁ አልኳት። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ ሰፊዋን ይኼን አንብበሽው ነበር ወይ አለቻት። ቧንቧው ጋ ስደርስ ደክሞኝ ተውኩት አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ያቺ ሴትዮ ግን አልሳቀችም። መጽሐፏን አውጥታ ሕጉን አነበበችልኝ፤ አደጋ መኖሩን የሚያውቅ ሰው፣ ሊጎዳ ለሚችለው ሰው በሚደርስ መንገድ ማስጠንቀቅ አለበት ይላል። እርስዎኮ አላስጠነቀቁም፣ ከመብራትና ከቧንቧ ጀርባ ደበቁት እንጂ አለችኝ። በሩ ፊት አንድ ወንበር ቢያቆሙበት ይበልጥ ነበር አለችኝ።

መናደድ ነበረብኝ። እኔ ግን መጽሐፏን ተቀብዬ መስመሯን ራሴ ደግሜ አነበብኳት። አባታችን በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም እያለን አይደል ያደግነው? ሕግ የሚይዘው የሰረቀን፣ የመታን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዝም ያለውንም ይይዛል! እስቲ አስቢው እትዬ፣ ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው ድሮ ቁጭ ብሎ፣ እኔ ስሟን እንኳ ጠይቄያት ለማላውቅ ሴት አስቦ፣ አንድ መስመር ጽፎላታል። ሁሉም ከሄደ በኋላ በሩ ጫፍ ላይ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ጋሪው እንደ ክብሪት ቀፎ ተጨፍልቋል፤ ጫማዋ አጠገቡ ወድቋል። ያቺ አጭር መስመር ሦስት ፎቅ ሙሉ ትጠልቃለች።

እዚያው ቆሜ እያለሁ ነው ታንከርሽ ትዝ ያለኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት የሠራሁልሽ መቆሚያ፣ በግራ በኩል ያለው የኋላ እግሩ ወጥ ብረት አይደለም። ብረቱ አጠረኝና ሁለት ቁራጭ በየድኩ። ብየዳው በደንብ አልያዘም፤ ቀለም ቀባሁበት። ልነግርሽ ስል ጎረቤት ጠርተሽ የወንድሜን እጅ ሥራ እዩልኝ አልሽ። በቃ፣ አፌ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተጻጻፍን፤ ስለ ዝናቡ ጻፍኩልሽ፣ ስለ ጥርሴ ጻፍኩልሽ፣ ይኼንን ግን አንድም ቀን አላነሳሁትም።

ስልክሽ ደጋግሜ ብደውል አልሠራ ስላለኝ ደብዳቤውን አሁን ወደናንተ ለሚነሳው የጭነት መኪና ሹፌር እሰጠዋለሁ። ወረቀቱ ቢጠፋ እንኳ እንዲነግርሽ በቃል ሦስት ጊዜ አስደግሜዋለሁ፤ ሰውዬ፣ ፈተና ልቀመጥ ነው እንዴ አለኝ። በያጅ አስጠሪና እግሩን በወጥ ብረት ያስቀይርልሽ።

ጋሼን ሳሚልኝ፤ ልብ አድርጊ፣ እሱም ከታንከሩ ሥር ጥላ ፍለጋ እንዳይቀመጥ። ትልቋን ልጅሽን አጎትሽ እንዳትናቂው ብሏል በያት። መንታዎቹን እቀፊልኝ። ባለቤቴና ልጄ እጅ ነስተዋል።

ጋሪውን መሥሪያ ቤቱ ይተካል። ሰፊዋን በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ጫማዋንም ከጉድጓዱ አውጥቼ ሰጥቻታለሁ። ያልከፈልኩት ያንቺን ነው፤ ሳታውቂ ከታንከሩ ሥር ቆመሽ ያጠብሽባቸው ሦስት ዓመታት።

ወንድምሽ
ከምድር ቤቱ የመሣሪያ ክፍል፣ ሚያዝያ 9 ቀን